የተላኩት ልጆችና የወሳኞቹ ወንበር



በየዓመቱ በኢያር ወር በ28ኛው ቀን፣ በኢየሩሳሌም በዓል ዕለት፣ በሄርዝል ተራራ ላይ እንሰበሰባለን። በሱዳን መንገድና በመጠለያ ሰፈሮቹ የቀሩትን ወገኖቻችንን ለማሰብ ነው። ቁጥራቸው ወደ 4,000 ይጠጋል ይባላል። መታሰቢያው በዚህ ተራራ ላይ የተመረቀው በ2007 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ)። ቄሶቻችን ጥላቸውን ዘርግተው ይጸልያሉ፤ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ፤ ባለሥልጣናትም መጥተው ንግግር ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ በየዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ የተለያየ ዘመዱን ይጠይቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲሁ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ሴት ከእናቷ ጋር ወደ እኔ መጣች። በደቡብ በኩል ባለች ከተማ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ስድስት ዓመት አስተምራ ምክትል ዳይሬክተር የሆነች ናት። ሰላምታ ከሰጠችኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» አለችኝ። በትምህርት አመራርና ፖሊሲ የዶክትሬት ትምህርት እንድትጀምር ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። የጥናት አማካሪዋም፣ ስለ ማኅበረሰባችሁ ትምህርት ቤቶች ታሪካዊ መነሻ ይዘሽ ነይ ብላታለች። «ከእኛ በፊት የእኛን ትምህርት ቤት ማን ነበር የሚመራው? እኔ የማውቀው ከፕኒሚያ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው» አለች።

እናቷ ከጎኗ ሆነው ሲሰሙ ቆዩና፣ «ዶክተር ልትሆን ነው ይሉኛል። መርፌ አትወጋ፣ መድኃኒት አታዝ! አምስት ዓመት እኮ ነው የሚፈጀው። ልጆቿንስ ማን ያሳድግ?» አሉ። ሳቅን። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። መግባቱን ገና አልወሰነችም ነበርና።

እዚያው ቆሜ የመለስሁላት መልስ አጭርና ጎዶሎ ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያ መልስ ሙላት ነው። ለእናቷም ጭምር እንዲሆን በአማርኛ ጻፍሁት።

ከቃሉ ልጀምር። ዶክተር የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ ጥንተ ትርጉሙም አስተማሪ ማለት ነው። ስለዚህ እማማ አይዘኑ፤ መርፌው በኋላ የመጣ ነው፣ የመጀመሪያው ዶክተር መምህር ነበር። ፖሊሲ የሚለው ቃል ደግሞ ብዙ ሰው ያስፈራል። እኔ እንደ ገባኝ ግን ጥያቄው አጭር ነው፤ ማን ይማር? ምን ይማር? የት ይማር? ገንዘቡስ ለማን ይሰጥ? ይህን የሚወስነው ሰው ከተማሪው ፊት አይታይም። ልጁ የሚያየው አስተማሪውን ብቻ ነው። የታሪካችን ችግር ያለውም እዚህ ላይ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ልጆቻችንን እንዲማሩ ስንልክ፣ አስተማሪም ሆነው ሲመለሱልን ኖረናል። በወሳኙ ወንበር ላይ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር።

ስሙን ለተራራው የሰጠው ሰውም ባለ ዶክትሬት ነበር። ቴዎዶር ሄርዝል በ1884 በቪየና ዩኒቨርሲቲ በሕግ ዶክትሬቱን ተቀብሏል። በ1904 አርፎ አፅሙ በ1949 ወደዚህ ተራራ መጣ። እሱ ባረፈበት በዚያው በ1904 ዓመት ዣክ ፋይትሎቪች የተባለው ምሁር ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ጀመረ። የዘመናዊ ትምህርታችን ታሪክ በብዙው ከዚህ ጉዞ ይነሣል።

ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ትምህርት አልነበረንም የሚል ካለ ይሳሳታል። በደምቢያም፣ በወገራም፣ በስሜንም ልጅ በቄሱ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥር፣ ኦሪትና ዳዊት ይደግም ነበር። ለክህነት የታጨ ወደ መለኮሳቱ ሄዶ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፣ ይማራል። እኔም ፊደልን የቆጠርሁት እንዲሁ ነው። የዚያ ትምህርት ወሰን ጠባብ እንደ ነበር አልክድም፤ ሴት ልጅ ከነጭርሱ አልነበረችበትም። ነገር ግን ማን ይማር፣ ለስንት ዓመት ይማር፣ መቼስ በቃው የሚለውን የሚወስኑት ቄሶቹና ሽማግሌዎቹ ነበሩ። ፖሊሲው በቤታችን ነበር ማለት ነው።

ይህ የተናወጠው በ1860 ገደማ የለንደኑ ማኅበር ሚስዮናውያን በመካከላችን ገብተው ትምህርት ቤትና መጽሐፍ ይዘው በመጡ ጊዜ ነው። የማንበብ ጥማት ያለበት ልጅ መጽሐፉን ፍለጋ ሄዶ ሃይማኖቱን ትቶ ይመለሳል ተብሎ ተፈራ። በ1862 አባ ማህሪ ሕዝቡን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር መነሣታቸው፣ መንገድ ላይም ብዙ ሰው ማለቁ የሚታወቅ ነው። የዚያን ዘመን ጭንቀት ያላወቀ፣ ፋይትሎቪች በኋላ ለምን ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤት ይል እንደ ነበር አይገባውም።

ፋይትሎቪች ከመጀመሪያ ጉዞው ሲመለስ በ1905 ሁለት ወጣቶችን ይዞ ሄደ፤ ታምራት አማኑኤልንና ጌቴ ኤርምያስን። ታምራት 1888 የተወለደ ነውና ያን ጊዜ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። በፓሪስ ኦቴይ በሚባለው ስፍራ አሊያንስ ባቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ ገባ፤ ከዚያም ወደ ጣልያን አገር፣ ወደ ፍሎሬንስ ተሻግሮ በረቢ ማርጉሊስ ሥር በረቢዎች ኮሌጅ ተማረ፤ አስተማሪም ሆነ። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሰው ፈረንሳይኛውን፣ ጣልያንኛውን፣ ዕብራይስጡን አጣምሮ የያዘ ነበር። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤል ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዳይሬክተሩ ታምራት ነበር። እንግዲህ የዚያች ሴት ጥያቄ የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው፤ ዘመናዊ ትምህርት ቤታችንን በመጀመሪያ የመራው የእኛው ሰው ነው። ግን ይህን ብዬ ባቆም ግማሹን ብቻ መናገር ይሆንብኛል። ሕዝቡ ያለው በጎንደር ዙሪያ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የቆመው በአዲስ አበባ ነው። አንድ ልጅ እዚያ ለመግባት ከእናት ከአባቱ ተለይቶ የሳምንታት መንገድ ይሄዳል። ገንዘቡ የሚመጣው ከባሕር ማዶ፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የድጋፍ ኮሚቴዎች ነው። ወደ ውጭ የሚላኩትንም ልጆች የሚመርጠው ፋይትሎቪች ነው። ታምራት ትምህርት ቤቱን ይመራል እንጂ መንገዱን አይመራም ነበር። በሁለቱ መካከል ከጊዜ በኋላ የገባው ቅሬታ ምንጩ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ይህ ይመስለኛል።

ፋይትሎቪች በዘመኑ ሁሉ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ አውሮፓና ወደ ግብፅ የላካቸው ወጣቶች 25 ገደማ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ በብርድና በበሽታ በባዕድ አገር ቀሩ። ስለ ሱዳን ሟቾች ስናስብ እነዚህንም ብናስብ ደግ ነው፤ ለመማር ሄደው የቀሩ ናቸውና።

ጣልያን በ1936 አገሪቱን ሲይዝ ትምህርት ቤቱ ፈረሰ። ታምራትም ተሰደደ። ከነፃነት በኋላ ለኢትዮጵያ መንግሥት አገለገለ፤ በፓሪስ ባለው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮንም ሠራ። የመጨረሻ ዘመኑን በኢየሩሳሌም አሳልፎ በ1963 አረፈ። ብዙ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ነው፤ ደብዳቤዎቹም በጣልያን አገር በመጽሐፍ ታትመዋል። ስለ ሕዝባችን ትምህርት ለማጥናት የሚፈልግ ሰው የአንድን የተማረ ሰው ሐሳብ በራሱ እጅ ተጽፎ የሚያገኝበት ትልቅ ሀብት ነው። የሚያሳዝነው፣ የእኛ ልጆች ብዙዎቹ ስሙን እንኳ አያውቁም።

ሁለተኛው ሰው አቶ ዮና ቦጋለ ናቸው። እሳቸውን ብዙዎቻችን ስለምናውቃቸው በአክብሮት ልጥራቸው። በጎንደር አጠገብ ከወለቃ የወጡ፣ በልጅነታቸው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢየሩሳሌም መጥተው የተማሩ፣ ከዚያም በአውሮፓ የቀጠሉ ናቸው። ተመልሰው በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በኋላም በኢትዮጵያ መንግሥት ትምህርት ሚኒስቴር ሠሩ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን የመንግሥቱን ሥራ ትተው ዘመናቸውን ለቤተ እስራኤል መንደር ትምህርት ቤቶች ሰጡ። ዕብራይስጥና አማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተዋል፤ የበዓላትን መቁጠሪያ በየዓመቱ ያወጡ ነበር። በ1979 ወደ እስራኤል ገብተው በ1987 አረፉ። በመንደር ያለን ልጆች ከጠመኔውም ከደብተሩም በስተጀርባ የእሳቸው እጅ እንደ ነበረበት ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው።

አሁን ወደ አስመራው ነገር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለዚያች ልጅ ጥናት ዋናው ጓዳ ይህ ነው ብዬ አምናለሁና። በ1954 ረቢ ሽሙኤል በኤሪ ከሶኽኑት ተልከው መጡና በአስመራ የመምህራን ማሠልጠኛ አዳሪ ቤት ተከፈተ። ከየመንደሩ ወንዶች ልጆች፣ ጥቂት ሴቶችም ተሰበሰቡ። ልብ በሉ፤ ሴት ልጅ ከቄሱ እግር ሥር ያጣችውን ቦታ እዚህ አገኘች። በ1955 እና በ1956 ከነዚህ ልጆች 27ቱ ተመርጠው ወደ እስራኤል፣ በራዓናና አጠገብ ወዳለው ክፋር ባትያ ተላኩ። የተላኩት እንዲቀሩ አልነበረም። ተምረው ተመልሰው በመንደሮቻቸው አስተማሪ እንዲሆኑ ነበር።

የአስመራው ቤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘግቶ ወደ ጎንደር አቅራቢያ ወደ ውዝባ ተዛወረ፤ እዚያም በ1958 በእሳት ጠፋ። በዚያው ሰሞን በጀት የለም ተባለና አብዛኞቹ የመንደር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ አስተማሪዎቹም ተበተኑ። ከክፋር ባትያ የሚመለሱት ወጣቶች ዕብራይስጡን እንደ ውሃ ይጠጡታል፤ የሚያስተምሩበት ቤት ግን የለም። አንዳንዱ የመንግሥት ሥራ ያዘ፣ አንዳንዱ ለሌላ ድርጅት አስተርጓሚ ሆነ። ጥቂቶች በአምቦበርና በሌሎች መንደሮች በቀሩት ትምህርት ቤቶች ያለ በቂ ደመወዝ ቆዩ። በኋላ ሕዝቡ ወደ እስራኤል መውጣት ሲጀምር ዕብራይስጥ የሚያውቁት እነዚህ ነበሩና በየሥራው ግንባር ቀደም የሆኑት እነሱ ናቸው።

አስተማሪ ማሠልጠን ጥሩ ነው። ሆኖም ትምህርት ቤቱን ለመክፈትም ለመዝጋትም ፊርማው የነበረው ከአስተማሪዎቹም ከወላጆቹም ዘንድ አልነበረም። ልጁን አሳልፎ የሰጠ አባት፣ ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅበት ደጅ አልነበረውም። ክፉ ሰዎች ወስነውት ነው አልልም። ገንዘብ አጥሮ፣ አገሪቱም ገና አዲስ ሆና ይሆናል። ነገር ግን ከወሳኞቹ ጋር ተቀምጦ «ይህ ቢዘጋ ይህን ያህል ልጅ ወዴት ይሄዳል?» የሚል አንድ የመንደር ሰው ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በሰፊዋ ኢትዮጵያም ታይቷል። ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ዶክትሬታቸውን ይዘው ከተመለሱ ኢትዮጵያውያን ከቀደሙት አንዱ ናቸው፤ ከ1969 እስከ 1974 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በእሳቸው ዘመን፣ በ1971 እና በ1972፣ የትምህርቱን ሥርዓት ከሥሩ የሚመረምር ትልቅ ጥናት ተካሄደ፤ ሴክተር ሪቪው ይሉታል። ኢትዮጵያውያን ምሁራንም የውጭ ሊቃውንትም ተሳተፉበት። አብዛኛው ልጅ አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ያግኝ የሚል ሐሳብ ነበረበት፤ በወረቀት ላይ ሲያዩት ለገጠሩ ሕዝብ የታሰበ ነው። ዳሩ ግን መምህራኑና ወላጆቹ በቅጡ አልተጠየቁም። ዜናው በ1974 መጀመሪያ ሲወጣ፣ የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም ነው ተባለ፤ መምህራን አድማ መቱ፤ ያ አድማ ከሌላው የየካቲት እንቅስቃሴ ጋር ተጋጥሞ መንግሥቱን አናወጠ። ጥናቱም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ስለዚህ ዶክትሬት ያላቸው ሰዎች በወንበሩ ላይ መቀመጣቸው ብቻውን እንደማይበቃ ይህ ያስረዳል። እኔም ይህን ለዚያች ልጅ ሳልደብቅ ነግሬያታለሁ።

ወደ እስራኤል ልመለስ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሙሴ ዘመቻ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ገቡ። ከዚያም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ መጣ። ሕዝቡ ገና ከአውሮፕላን ሳይወርድ ብዙ ነገር ተወስኖ ቆይቶት ነበር። ልጆቹ በመንግሥት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች እንዲገቡ ተወሰነ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉት አብዛኞቹ በዓሊያት ሃኖዓር በኩል ወደ ፕኒሚያ ተላኩ። እናትና አባት ከመርካዝ ክሊታ ሆነው ልጃቸውን በሁለት ሳምንት አንዴ ያዩ ነበር። በፕኒሚያውም ብዙዎቹ ወደ ሙያ ክፍሎች ተመሩ፤ ሙሉ ባግሩት ይዞ የወጣው ጥቂት ነበር። ሙያ ውርደት ነው ማለቴ አይደለም፤ አባቶቻችን አንጥረኞች፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። የሚቆረቁረኝ፣ ልጁ ምን መሆን ትፈልጋለህ ሳይባል መመደቡ ነው።

ፕኒሚያውን ሁሉ መኮነን ግን ልክ አይሆንም። ከዚያ የወጡ መኮንኖች፣ ሐኪሞች፣ የሕግ ሰዎች፣ አስተማሪዎች አሉን። የተጎዳውም የተጠቀመውም በአንድ ማዕድ የበላ ነው። ሚዛኑን የሚያወጣ ጥናት በእኛው ልጅ እጅ ቢጻፍ እወዳለሁ።

በ1990ዎቹ ወላጆችና ወጣቶች ራሳቸው መነሣት ጀመሩ። «ፊደል» የተባለው ማኅበር በትምህርት ቤቱና በወላጁ መካከል የሚቆሙ አገናኞችን አሠለጠነ። አንድ አስተማሪ የልጁን ዝምታ እንደ ስንፍና ሲያየው፣ አገናኙ፣ «በእኛ ቤት ልጅ የታላቁን ዓይን ትክ ብሎ አያይም፣ አክብሮት ነው» ብሎ ያስረዳ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው። ቢሆንም አገናኝ በበሩ ላይ የሚቆም ሰው ነው፤ ውስጥ ገብቶ አይወስንም። በ2009 የትምህርት ዓመት ሲከፈት በፔታሕ ቲክቫ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ልጆቻችንን አንቀበልም ባሉ ጊዜ ነገሩ አገር አወቀው። ያን ሰሞን ወላጆች ደብተርና ቦርሳ የገዙላቸውን ልጆች ይዘው ቤት ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ የደረስንበት ምንድን ነው? ዶክተር አንበሳ ተፈራ በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ በቋንቋ ጥናት ዶክትሬታቸውን ሠርተው በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ በትምህርት ሚኒስቴርም በአማርኛ ትምህርት ላይ ተቆጣጣሪ ሆነው ያገለገሉ ናቸው። አንድ ልጅ በአማርኛ ባግሩት ሊፈተን መቻሉ በኔ ዕድሜ ሕልም ነበር። ዶክተር ያርደን ፋንታ ደግሞ ፊደል ሳትቆጥር ወደ እስራኤል ገብታ፣ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ እስከ ዶክትሬት ደረሰች። ዶክትሬት ከያዙ ሴቶቻችን ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። ያጠናችውም ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ የእኛ አዋቂዎች አዲስ ነገር እንዴት እንደሚማሩ ነው፤ ከዚያም ለተጨማሪ ምርምር ወደ ሃርቫርድ ሄደች። እናቶቻችንን «አያውቁም» ከሚለው መዝገብ አውጥታ «እንዴት ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች። ይህ ለእኔ ከማዕረጉ ይበልጥብኛል።

የዚያች አስተማሪ መንገድ ከእነዚህ ትንሽ ይለያል። እሷ የምትገባበት የትምህርት አመራርና ፖሊሲ ትምህርት በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲም የትምህርት ፋኩልቲ ይሰጣል። እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ ያወቅሁት እሷና ሌሎችም ሲያስረዱኝ ነው። ለመግባት የጥናት ጽሑፍ ያለው ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከፍ ያለ ውጤትም ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን የሚያማክር ፕሮፌሰር ማግኘት ግድ ነው፤ በሩ የሚከፈተው በእሱ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ገደማ የጥናቱን ዕቅድ በማዘጋጀት ያልፋል። ዕቅዱ በኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሲጸድቅ ዋናው ሥራ ይጀመራል፤ አራት ዓመት፣ ሥራ ይዞ ለሚማር ከዚያም በላይ ይፈጃል። በመጨረሻም ጽሑፉ ለዳኞች ይላካል። የእማማ ስጋት ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ መላ አለ። አስተማሪ ስድስት ዓመት ለክሬን ሂሽታልሙት ካስቀመጠ በሰባተኛው ዓመት ሻባቶን ወጥቶ መማር ይችላል፤ ሙሉ ደመወዝ ባይሆንም ከዚያ እየተከፈለው። ኦሪት ለምድር በሰባተኛው ዓመት ዕረፍት አዝዛለችና ለአስተማሪም መሆኑ ደስ ይለኛል። ልጅቱ አሥራ ስድስት ዓመት ስታስተምር ሻባቶን ወጥታ አታውቅም። «ማን ይተካኛል ብዬ» አለችኝ።

ሌላው ስጋቷ የገንዘብና የጊዜ አልነበረም። «ጋሼ፣ ስለ እኛ የተጻፈው ጥናት ብዙ ነው። በልጅነቴ በክፍላችን ወረቀት ይዘው እየመጡ ይጠይቁን ነበር። እኔም እንደዚያ ሆኜ ወረቀት ይዤ ወደ ሰው ቤት ልሂድ?» አለች። ለዚህ ቶሎ መልስ አልነበረኝም። በኋላ ግን አሰብሁበት። እነዚያ ሲጠይቁ የነበረው፣ ልጁ ለምን ወደ ኋላ ቀረ ብለው ነው። እሷ የምትጠይቀው ደግሞ፣ ማን ወሰነ፣ እንዴት ወሰነ፣ ማንን ሳይጠይቅ ወሰነ የሚለውን ነው። በዚህኛው ጥናት የሚመረመረው ልጁ ሳይሆን ቢሮው ነው። ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ኢየሩሳሌም ተገናኘን። መጀመሪያ ከሄርዝል ተራራ በቀላሉ ባቡር ወርደን በከተማው መግቢያ ወዳለው ወደ ማዕከላዊው የጽዮናዊነት ቤተ መዛግብት ሄድን፤ የሶኽኑት የድሮ ፋይሎች የሚገኙት እዚያ ነው። የፋይትሎቪች መጻሕፍትና ወረቀቶች ደግሞ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ለተመራማሪዎች የምነግራችሁ፣ አንዱን አይቶ ሌላውን መተው ግማሽ ሥራ ነው። በአንደኛው የቢሮው ድምፅ ይገኛል፤ በሌላኛው የተላኩት ልጆችና የላካቸው ሰው።

ከሰዓት በኋላ እንደገና በባቡሩ እስከ ዳቪድካ ሄደን ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ወጣን። ያቺ ጠባብ መንገድ በሁለት በኩል ረጅም የድንጋይ አጥር አላት። በአጥሩ ውስጥ ክቡ የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዐፄ ዮሐንስ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1893 የተፈጸመ ነው። የሌላ ሃይማኖት ቤት ቢሆንም ግዕዙ ከውስጥ ሲሰማ የኔ ቢጤ የገጠር ልጅ ልቡ ይነካል። ከበሩ ፊት ለፊት ኤሊዔዜር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት ይገኛል። በፓሪስ ሕክምና ጀምሮ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ያቋረጠ ሰው ነው፤ ዶክተር ሳይባል በ1922 አረፈ። ይሁን እንጂ ዕብራይስጥ የልጆች የትምህርት ቋንቋ እንዲሆን እሱን ያህል የታገለ ጥቂት ነው። የመታሰቢያ ሰሌዳውን ተቃዋሚዎች ከአንዴም ሁለቴ ነቅለውበታል። ልጅቱ የዶክትሬት ማመልከቻዋን የጻፈችበት ዕብራይስጥ ከዚህ ጠባብ መንገድ የወጣ መሆኑን ስነግራት፣ «ታዲያ እኔም ልትነቀልብኝ የምትችል ሰሌዳ ይኖረኛል ማለት ነው» ብላ ቀለደች። ስትቀልድ ያየኋት ያን ቀን ነው። በዚያው ሳምንት ተመዘገበች። እናቷም የልጅ ልጆቻቸውን ለመጠበቅ ከከተማ ከተማ መመላለስ ጀመሩ።

አንድ ነገር ግን ያስቸኩላል። በ1955 የ13 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከሰማንያ አልፎታል። ከክፋር ባትያ ልጆች መካከል ብዙዎቹ አርፈዋል። በየቤታችሁ የአስመራን፣ የውዝባን፣ የአምቦበርን ትምህርት ቤት የሚያስታውሱ አባትና እናት ካሉ፣ የድሮ ደብተርና ፎቶግራፍም ካለ፣ በፋሲካ ጽዳት ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት።

ሁለተኛ ጊዜ የተገናኘነው ከነዚያ ልጆች አንዱ የነበሩ አዛውንት ቤት ነው። ቡና ተፈልቶ ቆየን። ልጅቱ መቅጃዋን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ አማካሪዋ ያዘጋጀችላትን ጥያቄ ከወረቀቷ ልታነብብ ስትል እጃቸውን አነሡ። «ቆይ ልጄ። መጀመሪያ እኔ ያስተማርሁበት ቤት ለምን እንደ ተዘጋ ጠይቂኝ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሏት። ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት የገባን ስንወጣ መሽቶ ነበር።